የሞተሯ ሳንባና የአጎት መቀመጫ

ተቆጣጣሪው የሰው ወጥ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምድጃውን አይደለም፤ ከምድጃው ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። የጤና ቢሮ መታወቂያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የእጅ ባትሪውን አብርቶ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ አንገቱን ሲያሰግግ የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ባለቤቱ እየተቅለሰለሰ የሚያብረቀርቀውን ጠረጴዛ ሊያሳየው ቢሞክር እጁን ወዝወዝ ያደርግና፣ «ላዩንማ ማን ያጣዋል? እኔ የመጣሁት ውስጡን ለማየት ነው» ይለዋል። ይህችን አባባሉን ከመውደዱ የተነሣ ለሥራ ብቻ አልተዋትም። በዘመድ ቤትም፣ በታክሲ ውስጥም፣ ሐኪም ቤት የተኛ ወዳጁን ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ ተናግሯታል።

እንግዲህ የአባቱን ሞተር ሳንባ በበረኪና ገድሎ፣ በምትኩ የእናቱን ሶፋ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ የወተፈባት ይኸው ሰው ነው።

የሱና የሁለቱ ታናናሾቹ አባት የውሃ መስመር ጠጋኝ ነበሩ። መኪና በማይደርስበት ዳገት ላይ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚላኩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ጎማዋ ጥርሳም የሆነ፣ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ወደ ላይ የተሰቀለ ቀይ የኮረኮንች ሞተር ነበረቻቸው። ከመንገድ ሲመለሱ የገዛ ፊታቸው በአቧራ ተለስኖ እያለ እንኳ መጀመሪያ የሚታጠበው የሷ አየር ማጣሪያ ነበር። በረንዳው ላይ ቁጢጥ ይሉና የጎን ክዳኗን ይፈታሉ፤ የፕላስቲኩን ቀፎ እንደ ካልሲ የለበሰውን ስፖንጅ ያወልቃሉ። አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ክፍቱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይደፍኑታል። ስፖንጁን በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሞቀ ውሃና በሳሙና ያጥቡታል፤ ይጨምቁታል እንጂ አይጠመዝዙትም። ጥላ ላይ ካደረቁት በኋላ የማጣሪያ ዘይት አጠጥተው፣ ዘይቱ እኩል እስኪዳረስ ድረስ በመዳፋቸው ያሹታል።

«ይህ የሞተሯ ሳንባ ነው» ይሉት ነበር የበኩር ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው። «አቧራ ከዚህ ካለፈ ፒስተኑን ይበላዋል። ደረቅ ስፖንጅ ደግሞ አቧራ አይዝም፤ የሚይዘው ዘይቱ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ አባዬ» ይል ነበር በኩሩ፣ ከጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣውን የኳስ ጨዋታ እያዳመጠ።

እኚህ ሰው ሲሞቱ ሞተሯን ሦስቱም ልጆች ፈለጓት። ልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ፣ «አባዬ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ በሷ ነው» አለች። የመጨረሻው ልጅ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከሦስታችን በቅጡ መንዳት የምችል እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ተቆጣጣሪው ደግሞ በኩር መሆኑን አስታወቀ፤ ማንም ያልሰማው አዲስ ወሬ አስመስሎ። በልቡ ያለው ግን ሌላ ነበር። አባቱ «አንተ ልጅ፣ ልብህ የት ነው?» እያሉት ኖረው ነው የሞቱት። ሞተሯ ለሱ ከተሰጠች የአባቱ ልጅ እሱ ነበር ማለት ነው። ካልተሰጠችው በዚያ ቤት ያደገ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ግን ሲያስበው ደረቱ ላይ ይከብደው ነበር።

እናታቸው የሦስቱንም ክርክር እስከ መጨረሻው ሰምተው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ዓመት ሙሉ በየተራ ያዟት» አሉ። «ተራ በደረሰ ቁጥር እሁድ ከምሳ በኋላ እዚሁ ፊቴ ትረካከባላችሁ። ዓመቱ ሲሞላ፣ አባታችሁ እንደያዛት ለያዛት እሰጣታለሁ።»

ርክክቡ የራሱ ሥርዓት ነበረው። እናቲቱ ከጉያቸው ነጭ መሐረብ ያወጡና ሞተሯን ይዞሯታል። የቤንዚን ታንከሯን፣ ጭቃ መከላከያዋን፣ የጎማዋን ሽቦዎች አንድ በአንድ ያብሳሉ። መሐረቡ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ካደፈ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ልጆቹ የሚፈተኑት ምን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሞተሯ በዚያ ዓመት እንዳማረባት በአባታቸው ዘመን አምሮባት አያውቅም። ሽቦዎቿ በጥርስ ብሩሽ ተፈተጉ፣ ጎማዋ ጫማ ይመስል ቀለም ተቀባ፣ መስታወቷ የሚያይበት ሰው እስኪያፍር ድረስ ጠራ። ከላይ ሲያዩዋት ሙሽራ ናት፤ ውስጧን ለቄስ።

ተቆጣጣሪው በመጀመሪያው ተራው ከወንድምና ከእህቱ ልቆ ለመታየት ቆርጦ ነበር። የአባቱ ነገር ትዝ አለውና የጎን ክዳኗን ከፍቶ ማጣሪያውን አወጣ። ጥቁር ነበር፤ እጅም ያጣብቃል። የጤና ቢሮ ሰው ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ሲያይ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ በረኪና። በባልዲ ዘፍዝፎት ሥራ ውሎ ሲመለስ ስፖንጁ ነጥቶ ጠበቀው። እንዲህ የነጣ ማጣሪያ አባቱ እንኳ አይተው አያውቁም ብሎ ደስ አለው። አንሥቶ እንደ ፎጣ ጠመዘዘው። መዳፉን ሲገልጥ የቀረው የረጠበ ፍርፋሪ ብቻ ነበር።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ መለዋወጫ መደብር ሄዶ አዲስ ይገዛል። ችግሩ ባለ መደብሩ የአባታቸው የድሮ ወዳጅ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አፉ ወንፊት ነው። ቅዳሜ የሰማው እሁድ እናታቸው ቤት ይደርሳል። «ያንን ማጣሪያ አባትህ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው፤ ምን አደረጋችሁት?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ከመስማት ሌላ ነገር ሁሉ ይሻል ነበርና፣ ተቆጣጣሪው እናቱ ጎረቤት የሄዱበትን ሰዓት ጠብቆ ሳሎን ገባ።

ሶፋው ባለ ሦስት መቀመጫ ነው። በቀኝ በኩል የሚቀመጡት እናቱ ናቸው፤ ከእናቱ ሥር መቁረጥ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ያን ያህል ጨዋ ነበር። የመካከለኛው ትራስ ዚፕ ዝጎ እምቢ አለው። የግራው ግን ገና ሲነካው ሸርተት አለ። ከወጥ ቤት የዳቦ ቢላ አምጥቶ እየገዘገዘ ከትራሱ ሆድ አንድ ቁራጭ አወጣና ቀፎውን እንደምንም አለበሰው። ዘይት እንደሚያስፈልግ አልረሳም። የማጣሪያ ዘይት ስላልነበረው የምግብ ዘይት አጠጣው። እሁድ ቁልፉን ለእህቱ ሲያስረክብ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ ውስጧን ሁሉ አጽድቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ አታበላሹ» አላት። እናቱ መሐረባቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የግራው መቀመጫ ግን ባለቤት ነበረው። የአባታቸው ታላቅ ወንድም እሁድ እሁድ ለምሳ ይመጣሉ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ልጆቹ «ጎተራው» ይሏቸዋል። ሲነሡ የሚደገፉበት ስለሚፈልጉ ምንጊዜም የሶፋው ግራ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከዚያ እሁድ በኋላ አጎትየው ሲቀመጡ ሰመጥ ይሉ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ይብስ ሰመጡ። ከዚያም በኋላ ትራሱ ጭራሽ ዋጣቸውና ጉልበታቸው ከአገጫቸው ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ያያል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዝምታውን የሰበረው፣ ይገርማል፣ ተቆጣጣሪው ነው።

«አጎቴ» አላቸው አንድ እሁድ ቤተ ሰቡ ሁሉ ባለበት፣ «ሳይቀየሙኝ፣ ራት ቢቀንሱ ጥሩ ነው። ለጤናዎም፣ ለሶፋውም።»

እህትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጸጉር አስተካካዩ ድንገት ሳል ያዘው። አጎትየው በክንዳቸው ተደግፈው፣ በግድ ተነሡና ከወጥ ቤት የእንጨት ዱካ አምጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ እሁዶቻቸውን ሁሉ በዚያች ዱካ ላይ አሳለፉ፤ ምግብ ሲቀርብም አንዴ ካነሡ «በቃኝ» ይሉ ጀመር።

ተቆጣጣሪው በሆዱ አፍሮ ነበር፤ ይህ ይመሰከርለታል። ግን ሐፍረት ሲሰማው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለ ጨው፣ ስለ ስብ፣ ስለ ደም ግፊት ሲሰብክ ዋለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ፤ እሱ የገረፈው ዳውላ ደግሞ ሽማግሌ አጎቱ ነበሩ።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተራው ዞሮ ወደ ተቆጣጣሪው መጣ። የመጨረሻው ተራ የሱ መሆኑን እንደ ምልክት ቆጠረው። ፍርዱ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ሞተሯን ወለል አድርጎ አጠበና፣ ሰፈሩ እንዲያያት ከቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ሊያወጣት አስነሣት። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱን ስትጀምር ግን ሳለች። ጥቁር ጭስ ተፋች፤ እንደገና ሳለችና ጸጥ አለች። ሰፈሩ አያት፤ እሱ ግን ከላይዋ ሆኖ ሳይሆን ከኋላዋ ሆኖ እየገፋ ነበር።

በራሱ በረንዳ ላይ፣ አባቱ ይሉ እንደነበረው ቁጢጥ ብሎ የጎን ክዳኗን ፈታ። የምግብ ዘይቱ ምን ሆኖ ይሆን እያለ ሲፈራ አፍንጫውን አንድ ሽታ አወደው። ቤንዚን አይደለም፣ የተቃጠለ ዘይትም አይደለም። ጽጌረዳ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሸት ነገር አንድ ነው የሚያውቀው፤ ወንድሙ ደንበኞቹን የሚቀባው የጸጉር ዘይት።

ስፖንጁን መዝዞ አወጣው። እሱ ያስገባው ዝንጥልጥሉ የወጣ ቁራጭ አልነበረም። ይህኛው በምላጭ ተከርክሞ፣ ከላይ ሞላ፣ ወደ ጎን ሳሳ ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ ቆራጩ ቢችል እንደ ደንበኛ መስታወት ያሳየው ነበር። አቧራውን ጠረግ ሲያደርገው ከሥሩ ያው የሶፋው ቢጫ መልክ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ማፈር ነበረበት። የተሰማው ግን ደስታ ነው። «ሌባ» አለ ብቻውን። ለካ ወንድሙ እናታቸው በሌሉበት ሳሎን ገብቶ ትራስ ይቆርጣል። ለካ አጎታቸው ዱካ ላይ የወረዱት በሱ ምክንያት ነው። የራሱ ቁራጭ ትዝ ሲለው ለትንሽ ጊዜ ፊቱ ተኮሳተረ፤ ግን የተቆጣጣሪ ጭንቅላት መውጫ አያጣም። ወንድሙ የቀድሞውን ጉድጓድ አስፍቶ ቆርጦ ይሆናል፤ ጉድጓዱ አንድ ከሆነ ሌባውም አንድ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል። እህቱ በሐሳቡ እንኳ አልመጣችም። በሰው ላይ ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይባላል። ተቆጣጣሪው ይህን ተረት በደንብ ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቶታል።

እሁድ የክሬም ቀለም ሱሪውን ለብሶ መጣ። ምሳው ተበላ። አጎትየው ዱካቸው ላይ ሆነው አንዴ አንሥተው በቃኝ አሉ። እናቲቱ መሐረባቸውን አውጥተው በረንዳ ላይ የቆመችውን ሞተር ዞሯት፤ መሐረቡ እንደወጣ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ሳሎን ገብተው ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«እማዬ፣ ከመፍረድሽ በፊት ውስጡን እዪ» አለ ተቆጣጣሪው። «ላዩንማ ማን ያጣዋል።»

ሥራ ላይ ናሙና እንደሚያሽገው በፕላስቲክ ከረጢት ያሸገውን ስፖንጅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህ የአባዬ ማጣሪያ ይመስልሻል?»

እናቲቱ ከረጢቱን ከፈት አድርገው አሸተቱ። «ጽጌረዳ» አሉና ቀስ ብለው ወደ መጨረሻ ልጃቸው ዞሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ይቅርብህ።»

«ምኑ ነው የሚቀረው? አጎታችን እዚያች ዱካ ላይ የተቀመጡት በማን ጦስ ነው?» ድምፁ በእውነተኛ ሐዘን ሊንቀጠቀጥ ጥቂት ቀረው። «ስማቸውን ያጠፋነው እኮ በሐሰት ነው።»

«ወንድም ጋሼ» አለች አሁን ደግሞ እህትየው፣ «ስለ ፈጠረህ ተቀመጥ።»

የተቆጣጣሪ ጆሮ በሥራ ላይ ሲሆን አይሰማም። ወደ ሶፋው ሄደ፣ የግራውን ትራስ ብድግ አደረገ፣ ዚፑን እስከ ጥግ ሳበ። ስፖንጁን ከሽፋኑ አውጥቶ በሁሉም መሐል ወለሉ ላይ ዘረጋውና ቀና ብሎ ሁሉንም አያቸው። ማንም እሱን አያይም ነበር። ሁሉም ወለሉን ነው የሚያየው።

ጉድጓዱ ሦስት ነበር።

አንደኛው በመቀስ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ ጠርዙ እንዳይበተን ዙሪያውን በቢጫ ክር ተዘምዝሟል። ሌላው በምላጭ ደረጃ ደረጃ ተደርጎ የተላገ ነው። የቀረው ግን ውሻ ያኘከው ይመስላል፤ እዚህ ገባ፣ እዚያ ወጣ፣ ከሥሩ ፍርፋሪ ይረግፋል።

እናቲቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን የተዘመዘመው ጠርዝ ላይ አዞሩት።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉ።

«ምን ላድርግ እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷን ደፍታ። «ወንድም ጋሼ ያስረከበኝን ስከፍተው ጉንዳን ሰፍሮበታል። የምግብ ዘይት ነው ያጠጣው። አውጥቼ ጣልኩት። መደብር እንዳልሄድ ሰውየውን ታውቂዋለሽ። እኔ እንኳ የስፌት መኪና ዘይት ነው ያደረግሁት፤ ለማሽን የተሠራ ነው።»

«የሷ ሲደፈን እኔ በራሴ ቁራጭ ቀየርኩት» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «የጸጉር ዘይት ይሻላል ብዬ ነው። አይደርቅም።»

እናቲቱ እጃቸውን ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ አወረዱ። «ይኸኛውስ የማን ነው?»

ተቆጣጣሪው ጎሮሮውን ጠረገ። «ይኸኛው አይጥ ሊሆን ይችላል» አለ። «አይጥ እንዲህ ነው የምትቆርጠው። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ።»

«አይጧ በዳቦ ቢላ ነው የምትቆርጠው?»

ተቆጣጣሪው ፍርፋሪውን በጫማው ጫፍ ወደ ሶፋው ሥር ገፋ አደረገ።

«ያኔ ዳቦ ስቆርጥ ቢጫ ብናኝ እየወጣ ሲያስቸግረኝ ለማን ነበር የነገርኩት?» አሉ እናቲቱ። «ላንተ አልነበረም? ምን አልከኝ? የዳቦ ቤቱ ጥፋት ነው አልክ። መታወቂያህን አንጠልጥለህ ሄደህ ለሰዎቹ ማስጠንቀቂያ ሰጠሃቸው። ጋጋሪው መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር አንገቱን የሚደፋው እኮ በዚያ ነው።»

ፊቱ ጋለ። ጋጋሪው ሲለምነው፣ ዱቄቱን በሦስት ወንፊት እየነፋ ሲያሳየው፣ እሱ «ላዩን አታሳየኝ» እንዳለው ትዝ አለው። ያን ጊዜ የሚያሳፍር ነገር እያደረገ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አላውቅም ሊል አይችልም። አሁን ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ምድር ግን አልተከፈተችም፤ የተከፈተው ትራሱ ብቻ ነበር።

«እኔ ላዩን የማየው ውስጡን እናንተ ታያላችሁ ብዬ ነው» አሉ እናቲቱ። «መሐረቤ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። አባታችሁ አስተምሯችኋል፤ አንተን በተለይ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረው አጎትየው ፊት ቆሙ። «እርስዎን ግን በገዛ ወንድምዎ ቤት ዱካ ላይ አስቀመጥንዎት። እኔም ዝም አልኩ። እውነት መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አሉ አጎትየው፤ ያፈሩት እሳቸው ይመስል እጃቸውን እያሹ። «ለኔም እውነት መስሎኝ ነበር እኮ። ራት ከተውኩ ስንት ጊዜዬ።»

ይህን ሲሰማ ተቆጣጣሪው አንገቱን ደፋ። የእናቱ ተግሣጽ ያቃጠለው ፊቱን ነበር፤ ይህኛው ሆዱ ገባ። ሽማግሌው ሰው ማታ ማታ ብቻቸውን በባዶ ሆድ ሲተኙ የታየው ያኔ ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ስፖንጅ።

እናቲቱ የሞተሯን ቁልፍ አጎትየው መዳፍ ላይ አኖሩት።

«እኔ ምን አደርግበታለሁ?» አሉ አጎትየው።

«ይቀመጡባት። እሷ እንኳ ትሸከምዎታለች።»

አጎትየው እየተግደረደሩ በረንዳ ወጡ። ሦስቱም ልጆች በራፉ ላይ ቆመው አዩ፤ ይወድቃሉ ብለው የተመኙም ካሉ እነሱው ያውቃሉ። ሽማግሌው እግራቸውን አሻግረው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሞላዋ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ ከዚያ መልሶ ቀና አለና ተሸከማቸው። አጎትየው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድለው ተቀምጠው ፈገግ አሉ።

ሳሎን ውስጥ እናቲቱ ጽጌረዳ የሚሸተውን ስፖንጅ ከከረጢቱ አውጥተው ውሻ ያኘከው የመሰለው ጉድጓድ ውስጥ ወተፉት። ትራሱን መልሰው አለበሱ፣ ዚፑን ዘጉ፣ ቦታው አኖሩት።

«ተራ ትወዳላችሁ» አሏቸው። «እንግዲህ እዚህም በየተራ ነው። ከበኩሩ ይጀመራል።»

ተቆጣጣሪው ሱሪውን ተመለከተ፤ እናቱንም ተመለከተ። ሄዶ ተቀመጠ።

አጎትየው በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ መለዋወጫ መደብር ሄደው አዲስ ማጣሪያ ገዙ። ባለ መደብሩ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ነገሩት፤ እሱም ለከተማው ነገረ። ምግብ ቤቶቹ ሁሉ በዚያ ሳምንት ተቆጣጣሪውን ከወትሮው በበለጠ ትሕትና ነው የተቀበሉት፤ አንዱ እንኳ ደህና ወንበር ስቦለት፣ «ይቀመጡ ጌታዬ፣ ትራሱ ሙሉ ነው» ብሎታል። ተቆጣጣሪው ቆሞ ሥራውን ጨረሰ። ዳቦ ቤትም ሄዷል፤ መታወቂያውን ግን ኪሱ ከቶት ነበር። ጋጋሪው ይቅርታውን ተቀብሎ ዳቦ ሸጠለት፤ ወንበር አልሳበለትም።

በሚቀጥለው እሁድ አጎትየው ከነሞተሯ መጡ፤ እያሳለች ነበር የመጣችው። ማጣሪያውን ከነማሸጊያው፣ የማጣሪያ ዘይቱንም ከነቆርቆሮው ተቆጣጣሪው እጅ ላይ አኖሩለት።

«አባትህ ያሳየው አንተን ነው» አሉ። «ግጠምልኝ።»

በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለ። አላስታውስም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ግን ክዳኑን ሲፈታ እጁ አልጠፋበትም። ክፍቱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ደፈነ፣ የጉንዳን ሬሳና የጽጌረዳ ጭቃ የተለጠፈበትን ሣጥን በነጭ ጋዝ ወለወለ። አዲሱን ስፖንጅ ዘይት አጠጥቶ በመዳፉ አሸው፤ ጨመቀው፣ አልጠመዘዘውም። ቀለሙ እኩል እስኪሆን ድረስ ሲያሸው ዘይቱ በጣቶቹ መሐል እየወጣ አጣበቀው፤ እንዲህ ያለው መጣበቅ ቆሻሻ አለመሆኑ የገባው ገና ያኔ ነው። ጠርዙን ግራሶ ቀባ፣ ጨርቁን አወጣ፣ ቀፎው ላይ አልብሶ ቦታው አስቀመጠና ጥብቅ አድርጎ አሠረው። የጎረቤት ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር። ማን እንዳገባ አልሰማም። አባቱ አጠገቡ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር ሲያስብ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ፊቱን ጥቁር አደረገው።

አጎትየው ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሯ ሳትስል ተነሣች። ዳገቱን ወጥተው፣ ወርደው፣ አቧራ ለብሰው ተመለሱ።

ምሳ ሲቀርብ ተቆጣጣሪው ወደ ሶፋው ግራ ጥግ ሄደ፤ ተራው ገና አላለቀም። ሲቀመጥ ሰመጠ፤ ጉልበቱ ወደ አገጩ መጣ፤ ከሥሩ የጽጌረዳ ሽታ ሽቅብ ወጣ። እህቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ወንድሙን ሳል ያዘው። አጎትየው እናቲቱ ባቀረቡላቸው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተደላድለው አንዴ አነሡ፣ ደገሙ፣ አፋቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ትራሱ የዋጠውን የወንድማቸውን ልጅ ረጋ ብለው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ልጄ» አሉት፣ «ሳትቀየመኝ፣ ራት ብትቀንስ ጥሩ ነው።»